ዝናም በሚለወጥበት ዘመን፤ ለክፉ ዓመት ስለሚደረግ መሰናዶ የተጻፈ ታሪክ

በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ዘመነ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ያለው ነው። የመጀመሪያው ክፍሉ ዘርዕና ደመና የሚታሰቡበት፣ ሁለተኛው መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚነሡበት፣ ከዚያም ቀጥሎ የቍራ ጫጩቶች ምግባቸውን ከፈጣሪ የሚለምኑበት ሆኖ ተደልድሏል። ይህን የደለደሉት አባቶች ሰማዩንና እርሻውን አብረው የተመለከቱ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ዜማው ከገበሬው ሥራ ጋራ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር ተገጣጥሟል። ደብተራው በቅኔ ማሕሌት ስለ ዘር ሲያዜም ገበሬው ዘሩን በቍና ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል። ነገር ግን በመጽሐፍ የተወሰነው ቀን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ዝናሙ ግን ይነቃነቃል። አንድ ዓመት ዘግይቶ ይገባል፤ አንድ ዓመት ደግሞ እሸቱ ሳይጠና ቀድሞ ይወጣል። የበልጉ ዝናም ቀርቶበት ማሳውን ጦም ያሳደረ አገርም ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው የሚል ሰው ቢኖር እውነት ብሏል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአባ ዮሳብ ዘመን ዝናም ተከልክሎ፣ ቸነፈርም ተጨምሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ስለዚሁ ወደ እስክንድርያ መልእክት መላኩ በሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የዛሬው ከጥንቱ የሚለይበት ግን አለ። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ዘመን የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለቱን ጽፈዋል። አንድ ዲግሪ ምን ያህል ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ ሙቀት በበረታባቸው ዓመታት ወባ ከቆላው ተነሥታ ወደ ደጋው እንደምትወጣ በደብረ ዘይት አካባቢ የተመረመረው የሕሙማን መዝገብ አሳይቷል። በደቡብና በምሥራቅ በኩል ባሉት የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች አገር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ታጐሉና ብዙ ከብት አለቀ። ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ድርቅ አንድ ዓመት መጥቶ የሚመለስ እንግዳ ነበረ፤ ይህኛው ግን ድንኳን ተክሎ የሚቀመጥ ሆነ።

እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር፣ ሕዝቡ እንደዚህ ላለው ዘመን ምን መሣሪያ በእጁ ነበረው፣ ዛሬስ ምን አለው የሚለው ነው። በግብጽ አገር የዮሴፍ ጥበብ ሕልሙን በመፍታት ብቻ አልተፈጸመም። የጥጋቡን ዓመት እህል አምስተኛውን እጅ እየከፈለ በጎተራ ባያስቀምጥ ኖሮ የሕልሙ ፍች ለተራበው ሕዝብ ምን ይረባው ነበረ? ወሬው አንድ ነገር ነው፤ ጎተራው ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሆነው ታሪክ ይህን ልዩነት አጥብቆ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ አፍ ሲነገር የኖረው ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነው ክፉ ቀን ነው። አስቀድሞ በ1880 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ከባሕር ማዶ ባስመጡት ከብት ጋራ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ የአገሩን ከብት ፈጀው፤ ከመቶው ዘጠና ያህሉ አለቀ ተብሎ ይገመታል። በዚህ ላይ ዝናም ታጐለ፣ አንበጣና ተምችም ተነሣ። ከሕዝቡ ሲሶ ያህል ማለቁን የጻፉ አሉ። በዚያ ዘመን መሬት አልጠፋም፤ በየቦታውም ዝናሙ በኋላ ተመልሷል። ነገር ግን ዝናሙ ሲመለስ የሚያርስ በሬ አልነበረም፤ ለዘር የተቀመጠውንም እህል ባለቤቱ በልቶታል። ልጆቹ ዐይኑ እያየ ሲሞቱበት ዘሩን ያልበላ ሰው ምንኛ ጥቂት ይሆን! ስለዚህ ረኃቡ ከድርቁ ይልቅ ረጅም ሆነ።

ዐፄ ምኒልክም ጎተራቸውን ከፍተው አበሉ፤ በሬ ያጣው ሕዝብ በዶማ እንዲቈፍር አዘዙ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቈፈራቸው ሲነገር ይኖራል። ሥራው ለንጉሥ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የአንድ ንጉሥ ጎተራ የአገሩን ሁሉ ጎተራ ሊተካ አልቻለም፤ ዶማውም የበሬን ፋንታ አልሠራም። ከዚያ በኋላ በዚያው ንጉሥ ዘመን ሌላ ችግር መጣ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ዱር በማገዶ ስላለቀ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለ ከተማው ከመፈለስ ዳነ። ለአንድ ችግር የተገኘ መድኃኒት ለሌላው በሽታ እንደሚሆን ግን በኋላ የታየ ነው፤ ነገሩ ወደ ፊት በስፍራው ይመጣል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ረኃብ ከክፉ ቀን የሚለይበት ምክንያት ወሬው የታወቀ መሆኑ ነው። የሰብሉ መጥፋት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይታወቅ አልቀረም፤ የተራበውም ሕዝብ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ይለምን ነበር። ሆኖም ነገሩ ለአገር ክብር ሲባል ተሰውሮ ቈየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ግን የሚሰወር ነገር አልቀረም፤ በዚያውም ዓመት ከመንግሥቱ መውደቅ ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ዝናሙን፣ የሰብሉን ሁኔታ፣ የገበያውን ዋጋና የከብቱን አቋም በየጊዜው እየመዘገበ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል በውስጡ ቆመ። እህል ሲወደድና ከብት ሲረክስ ረኃብ በደጅ እንደ ቆመ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አዲሱ ነገር ይህን የገበያ ዕውቀት በቍጥር ጽፎ ማስቀመጡ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ልብ የሚያሳዝን ነው። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ በረኃብ እንደሚያዝ ለውጭ መንግሥታት በይፋ አስታወቀ። ወሬው አልተሰወረም፤ ቍጥሩም ተጽፎ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ለጋሾቹ ነገሩን ከፖለቲካ ጋራ አያያዙትና ቍጥሩ በዝቷል እያሉ አመነቱ። መንግሥቱ ደግሞ በሰሜን የሚዋጋውን ጦር ያስታጥቅ፣ ለመስከረም 1977 ዓ.ም. ላሰበው የዐሥረኛ ዓመት በዓልም ከተማውን ያስጌጥ ነበር። በዓሉ ከተፈጸመ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ በኮረም የተሰበሰበው ሕዝብ ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ። ከዚያ በኋላ እህሉ መጣ፤ ለመጣውም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው። በሰባት ወር ጤፍ ተዘርቶ ይታጨዳል፤ በሰባት ወር የሰውም ነፍስ ብዙ ጊዜ ትወጣለች። በዚያ ዘመን የሞቱትን ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚያደርሱ ጸሐፊዎች አሉ። ስለ ማስጠንቀቂያ ዛሬ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ሰባት ወር ማሰብ ይገባቸዋል፤ ደወሉ ተደውሎ ነበርና፤ የጎደለው ደወሉን ሰምቶ የሚነሣው ነው።

በዚያው የመከራ ዘመን ብዙ ሰው ሳያየው የተሠራ አንድ በጎ ሥራ አለ፤ ይኸውም የዘር ጥበቃ ነው። የኢትዮጵያ እህል በዓይነቱ ብዛት በዓለም የታወቀ ነው። የሩስያው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስንዴውንና ገብሱን እየሰበሰበ በልዩ ልዩነቱ ተደንቆ ጽፏል። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ማዕከል ተመሠረተ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ መሪው ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገበሬው እንደ ክፉ ቀን አያቶቹ የዘር እህሉን መብላት በጀመረ ጊዜ የማዕከሉ ሰዎች ወደ ድርቁ አገር እየወጡ፣ ከገበሬው ዘንድ የቀረውን የአገር ዘር እየሰበሰቡ፣ ከጥፋት አዳኑት። እኚህ ሊቅ በ1982 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ተዘግቶ ብቻ ቢቀመጥ እንደ ሙዚየም ዕቃ ይሆናል። ማሳ ላይ የሚዘራ ዘር ከዓመት ወደ ዓመት ከዝናሙ ጋራ ይማራል፤ የተዘጋው ግን በተዘጋበት ዓመት ዕውቀት ይቀራል። ዶክተር መላኩ ይህን ስለ ተረዱ ዘሩ በገበሬው እጅ ሆኖ እንዲጠበቅ በየስፍራው የማኅበረሰብ የዘር ቤት እንዲቆም ደከሙ። በምሥራቅ ሸዋ በእጀሬ ያለው የዘር ቤት ከነዚህ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬው በክረምት መግቢያ ዘር ይበደራል፤ አዝመራው ሲገባም የወሰደውን ከትንሽ ወለድ ጋራ በዘሩ ይመልሳል። ዝናሙ ቢዘገይ ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ ቢበረታ የሚያረዝመውን ከአንድ ቤት መርጦ ያገኛል። አያቶች በየጎተራው ጥግ በቅል አንጠልጥለው ያቈዩት ልማድ አሁን የመንደሩ ሁሉ ሆነ ማለት ነው። በ1881 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ቤት በየወረዳው ቢኖር ኖሮ፣ በሬው ቢያልቅ እንኳ ዶማው የሚዘራው ነገር ያገኝ ነበር።

ስለ እርከን ሥራ ሲነገር ደግሞ ሁለት ታሪክ አብሮ ይነሣል። የኮንሶ ሕዝብ የደረቀውን ተራራ በድንጋይ ካብ እየደረደረ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አርሶበታል፤ ካቡ በአንዳንድ ስፍራ አምስት ሜትር ይደርሳል፤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ያን እርከን ማንም መንግሥት አላዘዘውም። በደርግ ዘመን ግን በሰሜኑ ተራራ ላይ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ዛፍም ተተከለ። ሥራው የተሠራው በረኃብ ለተያዘው ሕዝብ እህልና ዘይት እየተሰፈረለት ስለ ነበረ፣ አንዳንዱም በግዴታ ስለ ወጣ፣ ገበሬው እርከኑን የመንግሥት፣ ዛፉንም የቀበሌው ብሎ ቈጠረው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ሕዝቡ በብዙ ስፍራ ወጥቶ እርከኑን አፈረሰው፤ ዛፉንም ቈረጠው። በኮንሶ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ የልጅ ልጅ ያነሣዋል፤ እዚህ ግን የሠራው ሰው ራሱ አፈረሰው። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ተዳፋቱም አንድ ነው፤ የተለየው ካቡ የማን እንደ ሆነ ነው።

መንግሥትም ከዚህ ሳይማር አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር የተፋሰስ ልማት መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። እቅዱ ከወረዳ ተጽፎ አይውረድ፤ ውሃው ወደ አንድ ጅረት የሚወርድበት ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን አገር ተወስኖ፣ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ወንዶችና ሴቶች ኮሚቴ መርጠው፣ አገሩን በእግራቸው ዞረው፣ ምንጩንና ቦረቦሩን፣ ግጦሹንና ማሳውን በካርታ ሥለው፣ የቱ እንዲቀድም ራሳቸው ይወስኑ። ሥራውም ከላይ ከተራራው ራስ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ፤ ውሃ ሳይበረታ በላይ ካልተያዘ በታች የሚሠራው ክትር ሁሉ ከንቱ ነውና። ለአንድ አጥቢያ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የሚረባ የእቅድ መጽሐፍ በአገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ ተጀመረ። አስቀድሞ እርዳታ ይጠራ የነበረው ረኃብ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህ ግን በየዓመቱ የሚቸገረውን፣ መጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚደርሰውን ሕዝብ አስቀድሞ መዝግቦ፣ ጉልበት ያለው በእርከንና በኩሬ፣ በችግኝና በመንገድ ሥራ እየዋለ ገንዘብ ወይም እህል እንዲቀበል፣ አቅም የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ እንዲረዳ አደረገ። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ በተባለው የባሕር መሞቅ ምክንያት ክረምቱ በከፋ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ እርዳታ እንደሚያሻው ተቈጠረ። ቍጥሩ ከ1977ቱ ይበልጥ ነበር፤ የ1977ቱ ዓይነት ዕልቂት ግን አልሆነም። መዝገቡ፣ መንገዱና መጋዘኑ ቀድመው ተሰናድተው ነበርና። ሆኖም የሥራው ጕድለት መሰወር የለበትም። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልግበት ወር ዘግይቶ ይደርሳል፤ በመዝገቡ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውም በየቀበሌው ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

በትግራይ አዲ ሐ በምትባል ስፍራ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ነገር ደግሞ ለገበሬ ሰሚ እንግዳ ነው። በዚያ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው መድን ገቡ፤ ይኸውም ኢንሹራንስ ነው። የማሳውን ጥፋት የሚያይ ዳኛ አይላክም። የዝናሙ መጠን በመሣሪያና በሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነው ልክ ቢያንስ ለሁሉም ይከፈላል። ገንዘብ የሌለው ገበሬም በሥራ ይከፍላል፤ ኮምፖስት ያዘጋጃል፣ የውሃ መያዣ ይቈፍራል። ዝናሙ በየትኛው ወር ቢቀር ይበልጥ እንደሚጐዳ ለባለሙያዎቹ የነገሩት የስፍራው ገበሬዎች ናቸው። የዚህ ነገር እንከኑ ሳተላይቱ ዘንቧል ሲል የአንዱ ማሳ ደርቆ መገኘቱ ነው፤ ለዚያ ሰው የሰማዩ ምስክር ሐሰተኛ ይሆንበታል። ስለዚህ መድን ለብቻው አይበቃም፤ ከእርከኑና ከዘር ቤቱ ጋራ ሲሆን ግን በሬውን ሸጦ ከመብላት ያድናል።

በዚያው በትግራይ ከውቅሮ በስተ ምዕራብ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው መንደር በውቅር ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ናት። መሬቷ እጅግ ስለ ተራቈተ ሕዝቧን ወደ ሌላ አገር ለማስፈር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን መቅረትን መረጠ። ተራራውን ከከብት ዘጋ፣ እርከን ካበ፣ ውሃውን በክትር አቈመ፤ ወደ ባሕር ይፈስ የነበረው ጎርፍም ወደ መሬት መስረግ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ጕድጓድ ሲቈፈር ውሃው በቅርብ ይገኝ ጀመር፤ የበጋ አትክልትም በቀለ። በ2004 ዓ.ም. መንደሯ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለች። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የሆነው ጦርነት ድርቅ ያልቻለውን ጥፋት በብዙ ስፍራ ማድረሱ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሰላም ከሌለ እርከን ምን ያደርጋል!

ዛሬ በጽሑፍ የተሰናዳው ነገር ብዙ ነው። በ2004 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ታተመ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋራ ተስማምታ የምትኖርበት ብሔራዊ እቅድ 18 ዋና ዋና ሥራዎችን ዘርዝሮ ወጣ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበልግ፣ በክረምትና በበጋ መግቢያ ዝናሙ ከልክ በላይ፣ በልክ፣ ወይም ከልክ በታች ሊሆን የሚችልበትን ግምት ያወጣል። ግምቱ ትንቢት አይደለም፤ ከዐሥሩ ዓመት በስንቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል የሚል የሒሳብ ነገር ነው። ከከተማ ወጥቶ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ግን አንዳንድ ጊዜ ቍርጥ ቃል መስሎ ይደርሳል፤ አንድ ዓመት ሳይሠምር ሲቀርም ሁሉ ይናቃል። በገጠር ሕዝብ የሚሰበሰብበት አንዱ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ጦም የሚገባበትንም፣ በዓል የሚውልበትንም ቀን የሚሰማው ከዚያ ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚቈጥር ካህን ይህን የዝናም ሒሳብ በትክክል አስረድቶ ለማንበብ ከማንም ይልቅ የተሰናዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከነገሩ ውጭ ሆና አልኖረችም። የልማትና የተራድኦ ኮሚሽኗ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ በማውጣትና በችግኝ ሥራ ደክሟል። ከዚያ የሚበልጠው ሀብቷ ግን ማንም ኮሚሽን ያልተከለው የአጸዱ ዛፍ ነው። የሰሜኑን ደጋ ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ሰው፣ ምድሩ ሁሉ ታርሶ ቡናማ ሆኖ በመካከሉ ክብ ክብ የሆነ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። በያንዳንዱ ክብ መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የቤተ ክርስቲያን የእርሻ መሬት ሁሉ ተወሰደ፤ ዙሪያዋን የከበባት ዛፍ ግን ቀረላት። በ2000 ዓ.ም. ግድም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ። ከአጥሩ ውጭ በአካባቢው ፈጽሞ የማይገኝ ስንት ዓይነት ዛፍ ከነዚህ ውስጥ አለ! ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶውና ዋንዛው ለተራቈተው አገር የዘር ቤት ናቸው፤ እንደ እጀሬው የዘር ቤት ሁሉ እነዚህም በአገሩ ዝናም ተፈትነው የኖሩ ናቸው። ከሥራቸውም ምንጭና ጠበል ይጠበቃል፤ ንቡም ከዚያ ወጥቶ የገበሬውን ኑግና ባቄላ ይጐበኛል።

ይህም ሀብት ሳይታወቅ እየተመናመነ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ በሥራቸው ግን ልጅ የላቸውም። ከብት በበጋ ጥላ ፍለጋ ይገባና ቡቃያውን ይረግጠዋል፣ ይቀጥፈዋል። የመቃብሩ ስፍራ ይሰፋል፤ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ አዳራሽ ሲሠራ ጥቂት ዛፍ ይወድቃል። ካህናቱን ለመደጐም ተብሎም በአጸዱ ዳር ባሕር ዛፍ ይተከላል። የአዲስ አበባን ከተማ ያዳነው ዛፍ እዚህ ሲመጣ ግን አፈሩን ያከሳል፤ የአገሩም ዛፍ ቡቃያ በሥሩ አይጠናም። ካህን ያለ ቀለብ ይኑር የሚል የለም፤ ነገር ግን ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ወይራ ሥፍራ ለስድስት ዓመት አጣና ሲለቀቅ ልውውጡ ትክክል መሆኑን የአጥቢያው ሸንጎ ሊመረምር ይገባዋል። ዛፉ ሥራ የሌለው ጌጥ አይደለም፤ ከበሮው ከዋንዛ ይጠረባል፣ የመቅደሱም በር ከዝግባ ይሠራል።

የዶክተር ዓለማየሁ ምርመራ ያገኘው መድኃኒት እጅግ ቀላል ነው። ከብት ከተከለከለበት ስፍራ ዘሩ ይበቅላል፣ የበቀለውም ብዙው ይድናል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ባሉ አጥቢያዎች ሕዝቡ ከካህናቱ ጋራ ተመካክሮ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ጀመረ። ድንጋዩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ማረሻ ከሚሰብርበት ከገበሬው ማሳ ነው። ገበሬው ማሳውን ያጠራል፤ ቤተ ክርስቲያን አጥር ታገኛለች፤ ሲሚንቶ አይገዛም፤ ከተማ ድረስ የሚጻፍ ማመልከቻም አያስፈልግም። በአንዳንዱ ስፍራ ካቡ የተካበው ከዛፎቹ ዳር ትንሽ ራቅ ተደርጎ ነው፤ ደኑ እንዲሰፋ ተብሎ ማለት ነው። በካቡና በአሮጌዎቹ ዛፎች መካከል በቀረው ስፍራ አሁን የወይራና የዝግባ ቡቃያ ይታያል። የዝግባ ቡቃያ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቁመቱ ከካቡ በላይ ሆኖ ለመንገደኛ እስኪታይ ድረስ ብዙ ክረምት ይፈጅበታል።